«አውሮፓን ሐዋሳ ላይ» ያሉኝ ቤት፦ ከአሥር ወር ኪራይ በኋላ

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ባለ አራት ፎቅ ነጭ ሕንፃ፣ በረንዳው ላይ አበባ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ፊት ለፊቱ ምንጣፍ የመሰለ ሣር። ከሥሩ «አውሮፓን ሐዋሳ ላይ ይኑሩ! አረንጓዴ መንደር» ይላል። እኔ ደግሞ እውነተኛውን የአውሮፓ አረንጓዴ መንደር አይቼ ከተመለስኩ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፎቶው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። በማግስቱ ደላላ ጋ ደወልኩ።

አሁን አሥር ወር ኖሬበታለሁ። ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል። ቤት የሚፈልግ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው እዚያ?» እያለ ይደውልልኛል። ለእያንዳንዱ ከምተርክ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የግቢውን ስም አልጠራም። ሐዋሳ ትንሽ ናት፣ ነገር ቶሎ ይዞራል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ ቤት ስጽፍም ከኬክሮስና ከዝናብ መራቅ አይሆንልኝም። ታገሡኝ።

ኪራዩ እንዲህ ነው። ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በወር 22,000 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። በዚያ ላይ «የአረንጓዴ አገልግሎት» የሚሉት 1,500 ብር በየወሩ አለ። ለደላላው የከፈልኩትን አልነግራችሁም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

መጀመሪያ ግን ከምን ጋር እንደማወዳድረው ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ልጄ ወለደችና አራስ ልጠይቅ ፍራይቡርግ ሄድኩ። ደቡብ ጀርመን ነው፣ ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ ድንበር ብዙም አይርቅም። ቪዛው የፈቀደልኝን ዘጠና ቀን አንዷን ሳላስቀር ተጠቀምኩባት። ገንፎ አገነፋሁ፣ አጥሚት አፈላሁ፣ ልጅ አዘልኩ። የሚኖሩበት ሰፈር ቮባን ይባላል።

በሁለተኛው ቀን ሕፃኑን አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ መኪና እስኪያልፍ ጠበቅኩ። የሚያልፍ መኪና የለም። መንገዱ መሃል ላይ ልጆች ተቀምጠው በጠመኔ ይሥላሉ። አንዷ የሣለችውን እንዳልረግጥባት በእጇ ዙሪ አለችኝ። እኔም ዞርኩ። መኪና ወደ ውስጥ መንገዶቹ የሚገባው ዕቃ ለማራገፍ ነው፤ ሲገባም በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። አራግፎ ይወጣል፣ እዚያ አያድርም።

መኪና ያለው ሰው መኪናውን የሚያሳድረው ሰፈሩ ጠርዝ ላይ ባለ የፓርኪንግ ሕንፃ ነው። ቦታዋ ከቤቱ ተለይታ ትገዛለች፤ አንዷ 18,000 ዩሮ ገደማ ነበር የምትሸጠው አሉኝ። መኪና የሌለው ደግሞ በየዓመቱ «መኪና የለኝም» ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ወጪም ይድናል። ልጄና ባሏ ፈርመዋል። ትራሙ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ነው ሰፈሩ ድረስ የገባው። ሐዲዱ መሃል ሣር ስለተተከለ ባቡሩ ሜዳ ላይ የሚንሳፈፍ ነው የሚመስለው።

ቦታው ቀድሞ የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበር። ስሙም የአንድ የፈረንሳይ የምሽግ መሐንዲስ ስም ነው፤ የሉዊ 14ኛ ሰው። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ባዶ ቀረ። ከተማው ጠቅልሎ ለአንድ ትልቅ አልሚ አልሸጠውም። ብዙውን ቆራርሶ፣ ተደራጅተው አርክቴክት ለቀጠሩ ቤተሰቦች ሰጠ። እኛ የቤት ሠሪዎች ማኅበር የምንለው ዓይነት ነው። ልዩነቱ እነዚያ ገና መሠረት ሳይቆፈር ስለ መንገዱ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ፓርኪንጉ ተሰብስበው መጨቃጨቃቸው ነው። ከልጄ ጎረቤቶች አንድ ሽማግሌ በዚያ ዘመን ከነበሩት ናቸው። «ስብሰባው ትዳሬን ሊያፈርሰው ነበር» ብለው ሳቁ። ሚስታቸው አልሳቁም። ዛሬ ከ5,000 በላይ ሰው ይኖርበታል፤ ከድሮዎቹ የወታደር ቤቶች ከፊሎቹም ታድሰው ተማሪዎች ገብተውባቸዋል።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ቤቱ ውድ ነው። ነዋሪው አብዛኛው የተማረና ደህና ደመወዝ ያለው ነው፤ ድሃ አላየሁም ብል ይቀላል። «ኑ ቡና ጠጡ» የሚል ጎረቤት የለም። አንድ ቀን የድንች ልጣጭ በተሳሳተ በርሜል ጨምሬ አንዲት ሴትዮ በጀርመንኛ ያወረዱብኝን ውርጅብኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቃሉ ባይገባኝም መልእክቱ ገብቶኛል።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳው።

ቤቱን ለማየት በሄድኩ ቀን ተማሪዎቼን ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጨነቅኩበትን ጥያቄ ለራሴ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? ሳሎኑ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ነው። ደላላው «እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ መብራት አያስፈልግዎትም» አለኝ። አልዋሸም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ብዙ ነገር ያስፈልጋል። መስታወቱ ወደ ምዕራብ ነው። የካቲት ላይ ከሰዓት በኋላ ሶፋዬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ጠረጴዛ ላይ የረሳሁት ቅቤ ዘይት ሆኖ ጠበቀኝ። ለወፍራም መጋረጃ 9,400 ብር አወጣሁ። እነሆ አሁን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳሎኔ ጨለማ ነው። በቀን መብራት አበራለሁ።

ለምን ወደ ምዕራብ? ሐይቁ በዚያ በኩል ስለሆነ። ሐይቁ ከኔ ሳሎን በሁለት ሕንፃዎች መሃል የጣት ስፋት ታህል ይታያል። አንገት ትንሽ ማዘንበል ይጠይቃል።

ነገሩን ላስረዳ። ፍራይቡርግ 48 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ክረምታቸው አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ የቮባን ቤት ግድግዳው እንደ ጋቢ ተደራርቦ ተሸፍኗል፤ ትልልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ዞሮ ዝቅ ብላ የምትመጣዋን የክረምት ፀሐይ ይለቅማል። በሙቀታቸው ወራት ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፣ ያን ጊዜ በረንዳው ይከልላታል። አንዳንዶቹ ቤቶች ሙቀት አጥብቀው ስለሚይዙ ማሞቂያ እምብዛም አያስፈልጋቸውም። እዚያው አጠገብ ሮልፍ ዲሽ የሚባል አርክቴክት የሠራቸው 59 የሶላር ቤቶች አሉ፤ ከሚፈጁት የበለጠ ኃይል እንዲያመነጩ ተደርገው ነው የተሠሩት። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ለራሱ የሠራው ቤት ደግሞ ፀሐይዋን ተከትሎ ይዞራል። አይቼዋለሁ። እንደ ሱፍ አበባ።

ሐዋሳ 7 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይዋ በአናታችን ነው የምታልፈው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በተረፈው ጊዜ ወደ ደቡብ። ሁለቱንም ደህና አድርጎ በወጣ የጣሪያ ክፈፍ መመለስ ይቻላል። የማትመለሰው የጠዋቷና የማታዋ ናት፤ አግድም ነው የምትገባው። የወላጆቼ ቤት ይህን ያውቅ ነበር። በዚህ ዓመት በውርስ ተሸጦ ለኪራይ ያበቃኝ ቤት ማለቴ ነው። በረንዳው ሁለት ሜትር ወደ ውጭ የወጣ፣ በምዕራብ በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ፣ ከፊቷ ማንጎ። ያንን የሠራው አናጢ ስለ አረንጓዴ መንደር የሰማው ነገር አልነበረም። ለብርድ አገር የታሰበን መስታወት ቀድቶ እዚህ ምዕራብ ላይ መግጠም ግን ምጣድ ላይ ቤት መሥራት ነው።

ይህን ለግቢው አስተዳዳሪ ነገርኩት። ልጁ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር፣ ትክክል ነዎት። ግን ዲዛይኑ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ የሚያሳየኝን ፊት አሳየኝ።

ስለ ሣሩ። ሣሩ ያምራል፣ ልዋሽ አልችልም። ዙሪያውን ሰንሰለት ታጥሯል፣ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ በሦስት ቦታ ቆሟል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውሃ በፈረቃ ሆነ። አንድ ሳምንት ቧንቧችን ሁለት ቀን ሙሉ ጠብ አላለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጀሪካን ውሃ ልገዛ ስወርድ አትክልተኛው በጎማ ሣሩን ያጠጣል። ውሃው ከየት ነው አልኩት። ከሮቶው። የማን ሮቶ? የጋራ። ተማሪዬን ጠራሁት። «ቲቸር፣ ሣሩ ከደረቀ ለገዢ ምን እናሳያለን?» አለኝ። ቢያንስ እውነቱን ተናገረ።

ከሣሩ የተረፈው ግቢ በሙሉ በኮንክሪትና በታይልስ ተለብጧል። አፈር የሚባል ነገር አይታይም። ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየሁት። ከጣሪያው የወረደው፣ ከመኪና ማቆሚያው የታጠበው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ በታችኛው በር ወጣ። ከበሩ ማዶ በግራ በኩል ዝቅ ብለው የተሠሩ አራት የጭቃ ቤቶች አሉ። አንዲት እናት በጆግ ውሃ ከቤታቸው ሲቀዱ አየሁ። ግቢው ከመሠራቱ በፊት እንዲህ ሆኖ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ድሮ ቦታው ሣርና ሾላ ነበር፣ ዝናቡን ይጠጣው ነበር።

ቮባን ውስጥ ከመንገዱ ጎን ጎን ሣር የለበሱ ጎድጎድ ያሉ ቦዮች አሉ። መጀመሪያ ቱቦ መቅበር ረስተው መስሎኝ ነበር። አማቼ ነው ያስረዳኝ፦ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። ወደ ሌላ ሰው በር አይላክም። በነገራችን ላይ ፍራይቡርግ መሃል ከተማም በየመንገዱ ዳር ትንንሽ የውሃ መውረጃዎች አሏቸው፤ ከመካከለኛው ዘመን የመጡ ናቸው። ሳያስበው እግሩን የነከረ እንግዳ የፍራይቡርግ ሰው ያገባል ይላሉ። አማቼ ልጄ ገብታበት ነበር ይላል። እሷ ገፍቶኝ ነው ትላለች።

ለሐዋሳ ይህ የውሃ ነገር ቀልድ አይደለም። ከእኔ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ጎርፉ ይገባበታል፣ በወንዝ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ወደ ውስጡ ያፈሰስነው ጭቃ፣ የመኪና ዘይት፣ ሳሙና እዚያው ይቀመጣል። በስተምሥራቅ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ደለሉን ያጣራልን ነበር፤ እሱም ተጎድቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተብሎ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ የምትበሉ ሰዎች፣ የኛ ግቢ ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። እኔም እበላለሁ። ቆሮሶ ጥብስ መተው አልችልም።

ፓርኪንግ። 24 ቤት፣ 30 የመኪና ቦታ። ማስታወቂያው ላይ ይህ እንደ ጥቅም ነው የተጻፈው። ከነዋሪው ውስጥ መኪና ያለው ዘጠኝ አባወራ ነው፤ ቆጥሬያለሁ፣ ጡረተኛ ጊዜ አለው። የቀረው ባዶ ኮንክሪት ነው። ልጆች ኳስ ሊጫወቱበት ይችሉ ነበር፣ ግን ክልክል ነው። ሣሩም ክልክል ነው። ስለዚህ ልጆቹ ደረጃ ላይ ይጫወታሉ። ከሥር ያለው ጎረቤት ይጮኻል።

ለእግረኛ ደግሞ የተሠራ ነገር የለም። የባጃጅ ፌርማታው ከግቢው ኋላ ነው፤ ከግንቡ ማዶ የሾፌሮቹን ወሬ እሰማለሁ። ሰማንያ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በዚያ በኩል በር የለም። በዋናው የመኪና በር ወጥቶ፣ አስፋልቱን ይዞ፣ ዞሮ መምጣት ስድስት መቶ ሜትር ያህል ነው። ጎመንና ድንች ይዤ ስመለስ ግንቡን አይቼ የማልለው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ቪየና ያየሁትን ላንሳ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው፤ ለአራት ቀን ወሰደኝ። ከከተማው ዳር፣ ድሮ አውሮፕላን ማረፊያ በነበረ ሜዳ ላይ፣ 240 ሄክታር ላይ አዲስ ከተማ እየሠሩ ነው። ሜትሮው እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ነዋሪ መግባት የጀመረው በ2014። ባቡሩ ቀድሞ፣ ሰዉ ተከተለ። እኛ ጋ ሰዉ ይገባል፣ ሕንፃው ያረጃል፣ ከዚያ «መንገድ ይሠራልን» ብለን ፊርማ እናሰባስባለን። እዚያ አብዛኞቹ መንገዶች በሴቶች ስም መሰየማቸውንም ወድጄዋለሁ። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የሰፈሩ ስም ነው፤ «የሐይቅ ከተማ» ማለት ነው። ሐይቁስ? ቆፍረው ነው የሠሩት። አውሮፓውያን በመቆፈሪያ ሐይቅ ሠርተው ዙሪያውን ለእግረኛ ክፍት አደረጉት። እኛ እግዜር በነፃ የሰጠንን ይዘን፣ ዙሪያውን በአጥር እየሸነሸንነው ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ያለችው የእግር መንገድ ባትኖር ሐይቁን የሚያየው ከፍሎ የገባ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለ ሶላሩ ሁለት ነገር አለኝ፣ አንዱ ምስጋና ነው። የውሃ ማሞቂያው ይሠራል። በደንብ ይሠራል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትኩስ ውሃ አለ፣ ለመብራት የምከፍለው ካለፈው ቤቴ ቀንሷል። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሶላር የተገናኘው ከግቢው መብራትና ከበሩ ላይ ካለው ትልቅ ሰሌዳ ጋር ብቻ ነው። ግንቦት ላይ መብራት ሦስት ምሽት ጠፋ። እኛ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን «አረንጓዴ መንደር» የሚለው ጽሑፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ አደረ። እራት የበላሁት በዚያ ብርሃን ነው፤ በመስኮቴ በኩል ይገባል።

ፈረንጆቹም ይሳሳታሉ። ለንደን ደቡብ ቤድዜድ የሚባል ሰፈር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ያለቀ፣ መቶ ያህል ቤት። ጣሪያው ላይ በነፋስ የሚዞሩ ባለ ቀለም የአየር ማስገቢያዎች አሉት፤ ፎቶውን ያየ አይረሳውም። ከእንጨት ፍርፋሪ ኤሌክትሪክና ሙቀት እንዲሰጥ የተተከለው ማሽናቸው ግን ችግር በችግር ሆኖ ቆመ፣ በጋዝ ማሞቂያ ተተካ። ልዩነቱ ስህተቱ ተጽፎ፣ ተለክቶ፣ ሌላው እንዲማርበት መደረጉ ነው። የኛን ግቢ አስተዳደር የሶላሩን ነገር ስጠይቅ «ማን ነው ይህን የሚያወራው?» ነው የተባልኩት።

ቆሻሻ በአጭሩ፦ ሦስት ባለ ቀለም በርሜል አለ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እኔ የድንች ልጣጬን ሴትዮዋን እያስታወስኩ በጥንቃቄ እለያለሁ። ማክሰኞ ጋሪ ይመጣል፣ ሦስቱንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገለብጣል።

ሳይክል ደግሞ ይኸው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ሳይክል ለመንዳት እንደ ሐዋሳ የምትመች ከተማ ብዙ አላውቅም። ስንት ተማሪዎቼ በሳይክል ይመጡ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሳይክሉን ደረጃ ላይ አትውጣ ተባለ። ማሰሪያ ብረት የለም። ዘንባባው ላይ አሰራት። ዘንባባው ተላጠ ተብሎ 200 ብር ተቀጣ። 30 የመኪና ቦታ ባለበት ግቢ።

ዘንባባው ራሱ ታሪክ አለው። ዘበኛው ጋሼ ግቢው ሲቆፈር ጀምረው ያሉ ሰው ናቸው። በሩ አጠገብ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሾላ እንደነበረ ነገሩኝ። ጉሬዛ ይወጣበት ነበር። ሰፈርተኛው ከሥሩ ይሸማገል ነበር። ለመኪና በር ሲባል ተቆረጠ። በቦታው የተተከሉት አራት ዘንባባዎች ጥላቸው ለአንድ ድመት አይበቃም። ቮባን ላይ ከወታደር ቤት ዘመን የቀሩትን ትልልቅ ዛፎች እንዳይቆረጡ ብለው ቤቱን ነው ያጠማዘዙት። በረንዳ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ቅርንጫፍ እነካ ነበር።

ጥር ላይ ጎረቤት ለቡና ጠራሁ። ከ24 ቤት ዘጠኝ ሰው መጣ። የዱባይ ነጋዴ አለች፣ ሁለት ነርሶች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ልጅ፣ ከአለታ ወንዶ የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት። ቮባንን ነገርኳቸው። የፈረንጅ ተረት ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የአለታ ወንዶዋ እናት አንድ ነገር ተናገሩ። «እኛ ጋ እኮ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው እንሰቱ ነው» አሉ። ቤቱ መሃል፣ እንሰቱ ዙሪያውን። ጥላ ነው፣ ምግብ ነው፣ አጥር ነው። የቤቱ ጥራጊና የከብቱ ፍግ ሥሩ ይጣላል፣ ቆሻሻ የሚባል አይተርፍም። ድርቅ ይችላል፣ ውሃ ካላጠጣችሁኝ አይልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ስለ እንሰት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ከዚህ ግቢ ጋር አያይዤ ግን አስቤው አላውቅም። አፈርኩ።

በዚያው ተስማማን። ከሣሩ ዳር፣ በታችኛው በር በኩል፣ ጎርፉ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ታይልሱ ይነሣ፤ ቦይ ይቆፈር፤ አሥር እንሰት ይተከል። ውሃውን እነሱ ይጠጡታል፣ ጭቃ ቤቶቹም ይተርፋሉ። በሰው 400 ብር አዋጣን። ችግኙን አዛውንቱ ከአለታ ወንዶ በነፃ አመጡ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ለአስተዳደሩ ሰጠን።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። አይቻልም። ምክንያት፦ «የግቢውን ዘመናዊ ገጽታ ያበላሻል»። ተማሪዬ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ገጠር ያስመስሉታል ብለው ነው» አለኝ። የት ነው ያደግከው አልኩት። ይርጋለም አለኝ። እንሰት ጓሮ ውስጥ ነዋ። አንገቱን ደፋ።

ለነጥቡ፦ ለውሃ ማሞቂያው ከአምስት አምስት። ለዘበኛው ጋሼ ከአምስት አምስት፤ ሌሊት ታምሜ ባጃጅ ጠርተው እስከ ሆስፒታል የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ለጎረቤት አራት። ለመስታወቱ ዜሮ። ለ«አረንጓዴ አገልግሎቱ» 1,500 ብር በወር፣ እንግዲህ ሣር ማጠጫና ሰሌዳ ማብሪያ ነው፣ አንድ።

እለቃለሁ ወይ? ያለፈው ሳምንት ሁለት ነገር ሆነ። የቤቱ ባለቤት ከካናዳ ደውላ በሚቀጥለው ውል 3,000 ብር ትጨምራለሽ አለችኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዬ ግንበኛ ይዞ የኋላውን ግንብ በሜትር ሲለካ አየሁት። የእግረኛ በር ሊከፍት ነው። ማን እንዳዘዘው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ብቻ በሩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ክፍት ይሆናል ብሏል። ለስድስት ወር ልፈርም ነው።

አሥሩ ችግኝ ሞተው እንዳይቀሩ ሁለቱን በቀለም በርሜል ተክዬ በረንዳዬ ላይ አቁሜያለሁ። የተቀሩትን የጭቃ ቤቶቹ እናት ወስደው በራቸው ላይ ተከሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ምዕራብ የሚያይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተለቋል። የምትፈልጉ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት፣ ጠዋት አትሂዱ። የመጋረጃ ሰፊዋን ስልክ እኔ አለኝ።